ያለፈው ቀጠሮ ምን ተሠራበት?

የወንጀል ጠበቃ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከማስረጃው ሁሉ በኋላ ተነሥቶ ችሎቱን በንግግር የሚያስደምም አንደበተ ርቱዕ ነው። ሥራውን የምንሠራው ግን የሰው ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚለየው ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ፣ ክስ እንኳ ሳይመሠረት፣ በጊዜ ቀጠሮ ችሎት እንደሆነ እናውቃለን። የዕለቱ መዝገብ ብዙ ነው፤ ዳኛው ቸኩለዋል። መርማሪው ይነሣና «ምርመራችንን ስላላጠናቀቅን ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልን» ይላል። ለጠበቃው የሚደርሱት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ለእኔ የሙያው ዋና ፈተና ያለው እነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ለምን እንደሆነ ሕጉ ራሱ ይናገራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 59፣ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይከለክላል። ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ምንም አይልም። ስለዚህ 14ቱ ቀን 28 ይሆናል፣ 28ቱ ደግሞ 42፤ ተጠርጣሪው የተጻፈ ክስ ሳያይ ክረምቱ ይወጣል። የሚገርመው፣ ብዙ የተወቀሰው የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ እንኳ፣ አንዱን ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ ቢያደርግም፣ ድምሩ ከ4 ወር እንዳያልፍ ገድቦት ነበር። በሞባይል ስርቆት ተጠርጥሮ በመደበኛው ሕግ ለተያዘ ወጣት እንዲህ ያለ ወሰን በጽሑፍ የለም።

ክፍተቱን መሙላት የሚችለው ሕገ መንግሥቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቅደውም ለምርመራው የግድ በሚያስፈልገው ልክ ነው፤ ሲፈቅድ ደግሞ የተያዘው ሰው ጉዳይ በቶሎ እንዲታይለት ያለው መብት መጠበቁን ማረጋገጥ አለበት። ይህን ሥልጣን ዳኛው ሁልጊዜ በራሳቸው አይጠቀሙበትም። ጠበቃው አስታውሶ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ሊጠራቸው ይገባል። መጥሪያውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያለፈው ቀጠሮ ምን ተሠራበት?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አጠያየቁ ግን ዝግጅት ይፈልጋል። መርማሪው በመጀመሪያው ቀን ጊዜ ሲጠይቅ የሚዘረዝራቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ እጽፋለሁ፦ የምስክሮችን ቃል መቀበል፣ የሕክምና ማስረጃ ማምጣት፣ የባንክ ሰነድ ማስመጣት፣ ያልተያዙ ግብረ አበሮችን መያዝ። በቀጣዩ ቀጠሮ ያንኑ ዝርዝር አውጥቼ አነባለሁ። ስንት ምስክር ተሰማ? ስንትስ ቀረ? ለሆስፒታሉ ደብዳቤ የተጻፈው በስንት ቀን ነው? መርማሪው መዝገቡን ለዳኛው ሊያሳይ ይችላል፤ እኔ ግን ገጾቹን የማገላበጥ ዕድል ስለሌለኝ መሣሪያዬ ይኸው ማስታወሻ ነው። አዲሱ ጥያቄ የአሮጌው ግልባጭ ከሆነ ድምፅ ማሰማት አያስፈልገኝም። ሁለቱን ዝርዝሮች አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው መለየት ነው። ከቀሩት ሥራዎች መካከል ተጠርጣሪው ቢወጣ ሊያሰናክላቸው የሚችላቸው የትኞቹ ናቸው? የጎረቤት ምስክር ገና ቃሉን ካልሰጠ የመርማሪው ስጋት መሠረት ሊኖረው ይችላል፤ ይህን መካድ ጠበቃውን ተዓማኒነት ያሳጣዋል። የባንክ ሒሳብ መግለጫ ግን ተጠርጣሪው ቤቱ ቢያድርም ማረፊያ ቤት ቢያድርም ያው ነው። የአስከሬን ምርመራ ውጤትን ማንም በማግባባት አይለውጠውም። የዳኛውን ስጋት አክብሮ ስጋቱ የማይደርስባቸውን ሥራዎች ከመንገድ ላይ ማንሣት፣ «መብቴ ተጣሰ» ብሎ ከመጮህ ይልቅ ብዙ ሰው አስፈትቷል። መርማሪዎችም ብዙ መዝገብ ተሸክመው፣ መኪናና የላቦራቶሪ ውጤት እየጠበቁ እንደሚሠሩ አውቃለሁ። የመንግሥት እጥረት ግን በተጠርጣሪው ቀናት ሊከፈል አይገባም።

ከችሎት በፊት ያለው ሥራ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ደንበኛው እንዳገኘኝ ንጽሕናውን ሊያስረዳኝ ይቸኩላል። ያ ይደርሳል። መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ በስንት ሰዓት ተያዝክ? ለምን እንደተያዝክ በምትሰማው ቋንቋ ተነገረህ? ቃል ሰጥተሃል? የፈረምከው ተነቦልሃል? የነካህ ሰው አለ? ቤተሰብ ገብቶ አይቶሃል? እነዚህ ጥያቄዎች ስለ ጥፋቱ ምንም አይነግሩኝም፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18፣ 19 እና 21 ላይ የቆሙ ናቸው። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ማስረጃ ሆኖ ተቀባይነት የለውም። ይህንን ከወራት በኋላ ለማስረዳት የዛሬው ቀንና ሰዓት፣ የዛሬው ቁስል ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ስለ ዝምታ መምከር ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ተጠርጣሪው ለፖሊስ መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለው ይገልጻል። እኛ ግን በላ ልበልሃ እያለ በአደባባይ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ነን፤ በዚያ ሙግት ዝም ያለ ሰው ተረታ ማለት ነው። አንድ ጎልማሳ አባት «እውነት ይዤ ምን አፌን ያዘጋኛል?» ሲሉኝ ስለ አንቀጽ ብነግራቸው አይረዳኝም። «አባቴ፣ እውነቱን አይደብቁም፤ የሚናገሩበትን ቦታ ነው የሚመርጡት፤ ዛሬ የሚሉት በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ነው የሚቀመጠው» ስላቸው ግን ይገባቸዋል። ደንበኛው ቃል መስጠትም አለመስጠትም ይችላል። የእኔ ድርሻ አውቆ እንዲመርጥ ማድረግ ነው።

ዋስትና ላይ ስንደርስ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ በቅጽል ይሞላል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትና ከሚያስከለክሉት ከባድ ወንጀሎች ውጪ፣ አንቀጽ 67 ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ያስቀምጣል፦ የዋስትናውን ግዴታ የማይፈጽም መሆኑ፣ ሌላ ወንጀል ሊሠራ መቻሉ፣ ምስክር ሊያባብል ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ መቻሉ። «አደገኛ ነው» ለሚል ተቃውሞ «ጨዋ ነው» የሚል መልስ አይመጥነውም። የቤት ኪራይ ውሉን፣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ማስረጃ አቀርባለሁ። ገንዘቡ ሲወሰንም ሥራው አላበቃም። አንቀጽ 69 የተከሳሹና የዋሱ አቅም እንዲታይ ይጠይቃል፤ ለቀን ሠራተኛ የተጠራ 20 ሺህ ብር በሌላ ስም የተሰጠ ክልከላ ነው። ስለዚህ የደንበኛዬን ገቢ ከመጠየቄ በፊት ችሎት አልገባም።

ስለዚህ ሁሉ ሳስብ ወደ አሮጌው ቁራኛ እመለሳለሁ። በዚያ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ጭካኔው ግልጽ ነው፤ ማንም እንዲመለስ አይመኘውም። አንድ ነገር ግን ነበረው፦ ከሳሹም ታስሯልና ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልግ ነበር። በዛሬው አሠራር መዘግየት የሚያስከፍለው አንዱን ወገን ብቻ ነው። መርማሪው ቀጠሮ አግኝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተጠርጣሪው ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጥፋተኛ ቢባል የታሰረበት ጊዜ ከቅጣቱ ይታሰብለታል። በነጻ ቢሰናበት ግን የሚቀነስለት ነገር የለም። የጠበቃው ጥያቄ ጥቅሙ፣ መዘግየትን ለጠያቂውም በመጠኑ አሳፋሪ ማድረጉ ነው።

«ሠርቶትስ ቢሆን?» የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። ሀገሬው ቀድሞ መልሶልኛል፦ በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች። የሠራው ሰው እንዲቀጣ የሚፈልግ ሁሉ ማስረጃው በወጉ እንዲሰበሰብ መፈለግ አለበት፤ በማስገደድ የተገኘ ቃል ላይ የቆመ ክስ ሲፈርስ ተበዳዩም አብሮ ይጎዳል።

ሙያው ወሰን እንዳለው አልክድም። ዳኛው ዋስትና ፈቅደው፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ሰውየው በሌላ ጣቢያ በአዲስ ጥርጣሬ ሲያዝ ምንም ዓይነት የክርክር ጥበብ አይበቃም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚህ ጉዳይ በተደጋጋሚ አሳስቧል። አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይቀርባል፤ ይሁንና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ክብር የሚኖረው የሚፈጽመው ሲገኝ ነው። በጠበቃ እጅ ያለው ግን ዛሬም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 አቅም ለሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። በጊዜ ቀጠሮ ችሎት ድሃው በአብዛኛው ብቻውን ይቆማል።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ በዓመት 50 ሰዓት ለማይችሉ ሰዎች እንድንሠራ አስተምሮናል። ከዚያ ሰዓት የተወሰነውን ለጊዜ ቀጠሮ ችሎት ስጡ። ዝና የለውም፣ ጋዜጣ አይዘግበውም። ግን ማንም የማያውቀው ወጣት አጠገብ ቆማችሁ ያለፈው ቀጠሮ ምን እንደተሠራበት ብትጠይቁ፣ ዳኛውም መልስ ከመርማሪው ይጠብቃሉ። ጠያቂ ከሌለ የ14 ቀን ገደብ ወረቀት ላይ የቀረ ቁጥር ነው።