ከሰማይ የማይታይ ስም

ለመሆኑ አገር ከሰማይ ስትታይ ምን ትመስላለች? እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ጣሊያኖች ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ሳይ ይህን ጠየቅሁ። በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ የተገኙት 8,281 ሰሌዳዎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሦስት ደግሞ አዘንብለው የተነሡ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። ደኑና እርሻው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለዛሬ ተመራማሪ ትልቅ ማስረጃ ነው። ሥዕሉን ባደንቅም አንሺውን ግን አላምነውም። የጣሊያን አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ የረጨው ከዚሁ ሰማይ ነበርና።

ደግሞም የቦታ ስም ከአየር አይነሣም፤ ቀያሹ በእግሩ ወርዶ ባላገሩን መጠየቅ አለበት። ካርታው የአንሺውን ያህል የመላሹም ሥራ ነው፤ ምስጋናው ግን ለአንሺው ብቻ ደረሰ። የምኖርበትን አየር ጤናንም ከላይ ያየ ጣሪያና መንገድ ያያል። ስሟን የሚያውቀው ወርዶ የጠየቀ ብቻ ነው።