ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሾላ ገበያ ሚዛን

አንድን ሥራ መሔስ ማለት ሥራውን ከወጣበትና ከሚያገለግለው ኑሮ ጋር አገናኝቶ መመርመር ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተጻፉት ጥናቶች መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆች እጅ ያለባቸው ሁለቱ ለዚህ ዓይነት ምርመራ የተመቹ ናቸው። አንደኛው ትምኒት ገብሩ ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ለጉባኤ ያቀረቡት፣ ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎችን በዕድል ስሌት ከሚናገሩ በቀቀኖች ጋር የሚያመሳስለው ጥናት ነው። ሁለተኛው አበባ ብርሃኔ በዚያው ዓመት ያሳተሙት፣ የስሌትን ኢፍትሐዊነት ከሰዎች ትስስር አንጻር የሚያየው ጽሑፍ ነው። ሁለቱም የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ መሣሪያው ለሰው ይገዛ፣ ወይስ ሰው ለመሣሪያው?

ጥያቄው ከጉባኤ አዳራሽ ውጭ ምን መልክ እንዳለው ለማየት ሾላ ገበያ በቂ ሥፍራ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ ገበያ በቅቤው የታወቀ ነው። ገዢዋ ለጋውን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከበሳሉ ለመለየት ታሸታለች፤ በጣቷ ጫፍ ትቀምሳለች፤ ከየት እንደመጣ ትጠይቃለች፤ በዋጋው ትከራከራለች። ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላም «መርቂልኝ እንጂ» ትላለች። አማርኛ ከስፍር በላይ ለሚጨመረውም፣ ለቡራኬውም በአንድ ግስ ይጠቀማል። በዚህ ግብይት ውስጥ ዕውቀት፣ ክርክርና መተዛዘን አብረው ይኖራሉ። ሁለቱ ጽሑፎች የሚሟገቱለትን ሰብአዊ እሴት በረቂቅ ቃላት ከመፈለግ በዚህ ሥፍራ መፈለጉ ይቀላል።

የበቀቀኑ ጥናት ቁም ነገር ግልጽ ነው። የቋንቋ ሞዴል ከተከማቸ ጽሑፍ ውስጥ ቃል ቃልን ተከትሎ የሚመጣበትን ዕድል አስልቶ ይናገራል፤ የሚናገረውን ነገር ግን አልኖረበትም። ስለ ለጋ ቅቤ መዓዛ ያማረ አንቀጽ ሊጽፍ ይችላል፤ አሽትቶ ግን አያውቅም። በኢትዮጵያ ጥንታዊ ትምህርት ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት የተለያዩ ናቸው፤ አጥርቶ ማንበብ አንድ ደረጃ፣ ምሥጢሩን መረዳት ሌላ ደረጃ ነው። የቤንደርና የገብሩ ክርክር በዚህ ባህል ላደገ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

ጸሐፊዎቹ በዚህ ብቻ አይወሰኑም፤ ወጪውን ማን እንደሚከፍል፣ ጥቅሙንም ማን እንደሚወስድ ይጠይቃሉ። ግዙፍ ሞዴሎች በሚፈጁት ኃይል የሚመጣው የአየር ንብረት ጉዳት ከጥቅሙ ድርሻ በሌላቸው ሕዝቦች ላይ ቀድሞ ይወድቃል። ከኢንተርኔት የሚዛቀው ጽሑፍም ምንም ያህል ቢበዛ የዓለምን ሕዝብ ሁሉ ድምፅ አይወክልም። ይህ ለአማርኛ የቅርብ ጉዳይ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ያልደረሰን ጊዜ፣ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው በቋንቋው የሚኖረው ሕዝብ ነው።

ጥናቱ ከመታተሙ በፊት የደረሰውም ከይዘቱ ጋር አብሮ መነበብ ይገባዋል። ትምኒት ገብሩ በዚያን ጊዜ በጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ሥነ ምግባር የሚያጠናውን ቡድን በጋራ ይመሩ ነበር። ኩባንያው ጽሑፉ እንዲነሣ ወይም የሠራተኞቹ ስም እንዲወጣ ጠየቀ፤ ውዝግቡም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከሥራ በመለየታቸው ተደመደመ። ኩባንያው መልቀቂያቸውን እንደተቀበለ ሲገልጽ፣ እርሳቸው ተባረርኩ ብለዋል። ከዓመት በኋላ የራሳቸውን የምርምር ተቋም መሥርተዋል። የጥድፊያው ግፊት ጠያቂውን ምን ያህል እንደሚከብደው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የጥናቱ ድካም በምሳሌው ላይ ነው። በቀቀን ማንንም ከሥራው አያፈናቅልም። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ እነዚህ መሣሪያዎች የሚተረጉሙ፣ ሥዕል የሚሠሩ፣ የቢሮ ደብዳቤ የሚያረቅቁ ሆነዋል። አንባቢው «በቀቀን ነው» ብሎ ቢንቃቸው፣ መጠንቀቅ በሚገባው ጊዜ ይዘናጋል።

አበባ ብርሃኔ በዚህ ረገድ ጠለቅ ብለው ይሄዳሉ። ከመተንበይ መረዳት ይቅደም፤ ጉዳቱ ይበልጥ የሚያርፍበት ወገን የጥያቄው ማዕከል ይሁን ይላሉ። ስሌት ተራ መሣሪያ ብቻ አለመሆኑን፣ አንድን ማኅበራዊ ሥርዓት ፈጥሮ የሚያጸና ኃይል መሆኑንም ያስረዳሉ። የዚህ ሐሳብ ብርታት በገበያ ይፈተናል። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ተጀምሮ፣ በ2022 ከዳሸን ባንክ ጋር ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር መስጠት ጀምሯል። የቤት ካርታ ለሌላት ነጋዴ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ሊነቀፍም አይገባውም። ነገር ግን እቁብተኛዋ ልጇ ታሞባት ዕጣዋን ስትዘገይ ዳኛው ምክንያቷን ይሰማል። የግብይት መዝገብን ብቻ የሚያነብ ስሌት የዘገየችውን ቀን ያያል፤ የዘገየችበትን ምክንያት አይጠይቅም።

ሆኖም ጸሐፊዋ ትስስርን ሲያወድሱ ክፉ ጎኑን የሚገባውን ያህል አልመረመሩትም። ገበያ ትስስርን ብቻ አያስተምርም። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤም በፈገግታ ይሸጣል፤ እንግዳ ከደንበኛ ይበልጥ ይከፍላል። ትስስሩን ዋጋ የሚሰጠው ተጠያቂነት ነው። የከፋ ቅቤ የሸጠች ሴት በሚቀጥለው ቅዳሜ በመደቧ ትገኛለች፤ ገዢዋም ቅቤውን ይዛ ትመለሳለች። ስሌት ሲሳሳት ተመላሹ ወደ የትኛው መደብ ይሂድ? ሁለቱም ጽሑፎች የከበቡት ጥያቄ ይህ ነው።

መሣሪያን መመርመር እንደሚቻል ደግሞ ትምኒት ገብሩ ራሳቸው ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 አሳይተዋል። የፊት ምስል አይተው ጾታን የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ሥራዎች ሲፈተኑ፣ ስሕተቱ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ከመቶ ሲደርስ፣ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 ከመቶ አላለፈም። ምርመራው ባይደረግ ኖሮ መሣሪያዎቹ «ትክክለኛ» ተብለው በየቢሮው ይገቡ ነበር።

በኢትዮጵያም መሠረቱ ተጥሏል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል በ2012 ዓ.ም. ተቋቁሞ በኋላ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ለ193 አባል አገሮች የሥነ ምግባር ምክረ ሐሳብ አጽድቋል። የወረቀቱ ቃል በኑሮ እንዲጸና ግን የሰዎች ሥራ ያስፈልጋል። ሁለቱ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ የወጡ እንደመሆናቸው፣ ቁም ነገራቸውን በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ማስረዳት የመምህሩ ድርሻ ነው። ገበያውን፣ ክርክሩንና ምርቃቱን በማይደበዝዝ ቀለም ማኖር የከያኒው ነው። አዲስ መሣሪያ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ «እንዳንቀር» የሚለውን ጥድፊያ ገታ አድርጎ፣ ቢሳሳት ባለጉዳዩ ማንን እንደሚያገኝ አስቀድሞ መጠየቅ ደግሞ የኃላፊው ግዴታ ነው። መልስ ያልተገኘለት መሣሪያ መልስ እስኪገኝለት ቢቆይ፣ ሕዝቡ የሚጎዳበት ነገር የለም።