ጎል እስኪገባ ድረስ

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወዳደሩበት የኢሲኤሲ የወንዶች የበረዶ ሆኪ ሊግ ግማሽ ፍጻሜውንና ፍጻሜውን በመጋቢት ሌክ ፕላሲድ በምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ ያካሂዳል። አዳራሹ በ1980 ኦሎምፒክ አብዛኞቹ የኮሌጅ ልጆች የነበሩበት የአሜሪካ ቡድን ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 የረታበት ነው።

ይህን ውድድር የምወድለት ዋናው ነገር ግን አቻ ሲወጡ የሚሆነው ነው። እግር ኳስ ላይ የለመድነው፣ እኔ በበኩሌ ፈጽሞ የማልወደው፣ የመለያ ምት እዚህ የለም። ሃያ ደቂቃ ይጨመራል፤ ጎል ከሌለ በረዶው በመኪና ተስተካክሎ እንደገና ሃያ ደቂቃ። በ2010 ሩብ ፍጻሜ ኩዊኒፒያክ ዩኒየንን 3 ለ 2 ያሸነፈው በአምስተኛው ጭማሪ፣ ከ150 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ነበር።

ዋንጫውን ያነሳ በቀጥታ ለብሔራዊው ሻምፒዮና ያልፋል። ሁሉም በነጥብ ብቻ ቢወሰን ኖሮ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲሸነፍ የከረመ ቡድን በመጋቢት ጫማውን የሚያስርበት ምክንያት ባልኖረው።