የጉማራን አፍ ተዉት

«ወንድም ዓለም፣ ነጩ ዓሳ ሁሉ ጉማራ አፍ ላይ ተሰብስቦ ሳለ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» አለኝ ከመርጡለ ማርያም መጥቶ ባሕር ዳር መረብ መጣል የሚማረው ልጅ። ወሩ ሐምሌ ነበር። በዕድሜ ከሚበልጡኝ ዓሳ አስጋሪዎችም ጋር በዚሁ ጉዳይ ስሟገት ኖሬያለሁ፤ መልሴ ያው ነው፦ በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አይጣልም።

ብዙ የነጭ ዓሳ ዓይነት ክረምቱ ሲከብድ ጣና በሚገቡት ወንዞች፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ አፍ ይከማቻል። ወንዙ ሲሞላ ሽቅብ ወጥቶ በገባሮቹ ውስጥ፣ ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ከነጭ ዓሳ ዓይነቶች 15ቱ ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም። አፉ ላይ የሚጣል መረብ እናቲቱን ከነእንቁላሏ ያነሣል። ዕድገቱም አዝጋሚ ነው፤ ለመራባት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል። ቆሮሶ እንዲህ ተሰብስቦ ወንዝ አይወጣም፤ ነጭ ዓሳን ለጥፋት የሚያጋልጠው ግን ተሰብስቦ ወንዝ መውጣቱ ነው።

ተከራካሪዎቼ «ጣና ሰፊ ነው፣ አያልቅም» ይሉኛል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እውነት ሰፊ ነው፤ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሳ መራቢያ ግን ጥቂት ወንዝ ነው። ነገደ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ሲያሰግሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከገባ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሳው ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የፌዴራሉ የዓሳ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣም ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣሉ ግን አልቀረም።

አሁን ደግሞ ሞኖፊላመንት የሚባለው ባለነጠላ ክር መረብ መጥቷል። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ሲቀደድ ይጣላል፤ ሐይቁ ውስጥ የቀረው ቁራጭም ባለቤት ሳይኖረው ዓሳ ሲገድል ይከርማል። የተገመደው መረብ ግን ይጠገናል። አባቴ ክረምቱን ደጅ ተቀምጦ ሲጠግን ከጎኑ ክር እያቀበልኩ ነው ያደግሁት። የመረቡን ዓይን በጣቴ እንድለካ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ሲያይ ፊቱ ይጠቁር ነበር። እሱ ካረፈ በኋላም መርፌውን ይዤ ስቀመጥ ከእሱ ጋር የምውል ያህል ይሰማኛል። ስለዚህ ተጥሎ የሚረሳ መረብ እጄ አይገባም።

ልጁ አልተቀበለኝም። እናቱ ከእሱ ብር ትጠብቃለች። «ዓሳው እስኪራባ ልጠብቅ ብል ማን ያበላኛል?» አለ። እዚህ ላይ እውነት አለው፤ ክረምቱን የሚያሻግር ሥራ ያላገኘ ሰው በአዋጅ ብቻ ከወንዝ አፍ አይርቅም። ስለዚህ ክረምቱን በክፍያ የምሠራውን የመረብ ጥገና፣ ክፍያውንም ጭምር፣ ለሁለት ልንካፈል ተስማማን። እስከ መስከረም መጨረሻ ጉማራ አይሄድም፤ በጥቅምት ክርክራችንን እንቀጥላለን።