የሚበላ ፍቅር

አፑሌዩስ የተባለው የላቲን ደራሲ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪቃ በመዳውሮስ ተወለደ፤ አውግስጢኖስም በወጣትነቱ የተማረው በዚሁ ከተማ ነው። በአፑሌዩስ መጽሐፍ ውስጥ በወንበዴዎች ዋሻ ለምታለቅስ ምርኮኛ ልጃገረድ አንዲት አሮጊት የፕሲኬን ተረት ስትነግራት እናገኛለን። ፕሲኬ በጽርእ ነፍስ ማለት ነው። ነፍስ ፊቱን የማታየውን አምላክ አገባች፤ እኅቶቿ ቤተ መንግሥቷን አይተው ቀኑባት፤ በምክራቸውም መብራት አብርታ አየችውና አጣችው። ሰሙ እንዲህ ያማረ ከሆነ ወርቁን ለማውጣት የማይጓጓ ባለ ቅኔ የለም።

በቤልፋስት የተወለደው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ይህን ተረት ተማሪ ሳለ በግጥም ሊጽፈው ጀምሮ ነበር። ከእምነት ርቆ ከተመለሰ ከብዙ ዘመን በኋላ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. «ፊት እስኪኖረን ድረስ» በሚል ስም በልቦለድ አወጣው። ከለወጠው ሁሉ የሚበልጠው አንድ ነገር ነው፤ እኅቲቱ ቤተ መንግሥቱን አታይም። የግሎም ንጉሥ ልጅ ኦሩአል ወደ ተራራው ወጥታ ፕሲኬን ባገኘቻት ጊዜ፥ ፕሲኬ ወይን በጽዋ አቀረብሁልሽ ትላታለች፤ ኦሩአል የምታየው በመዳፍ የተቀዳ ውሃ ነው። የቅናት ተረት የነበረው በዚህ የእምነት ጥያቄ ሆነ።

ኦሩአል ሁለት አማካሪዎች ነበሯት። አንዱ ቀበሮ የሚሉት ግሪካዊ ባሪያ ነው፤ ሁሉን በምክንያት ይመዝናል፥ የካህናቱንም ነገር ከተረት ይቈጥረዋል። ሁለተኛው የዘበኞች አለቃ ባርዲያ ነው፤ አማልክትን ይፈራል፥ ስለ እነርሱም ብዙ መናገር አይወድም። የፕሲኬ ባል ማን እንደ ሆነ ብትጠይቃቸው ቀበሮ የተራራ ሽፍታ ነው አላት፤ ባርዲያም ፊቱን የሚሰውር አስፈሪ ፍጥረት ሳይሆን አይቀርም አላት። እንደ ሰማይና ምድር ከተራራቀው ሐሳባቸው ኦሩአል የምትፈልገውን ብቻ ወሰደች፤ ፕሲኬ ከባልዋ ትለይ የሚለውን። መጽሐፉን የእምነትና የአእምሮ ፍልሚያ አድርገው የሚያነቡት ሰዎች ይህን ስፍራ ደግመው ቢመለከቱት መልካም ነበር፤ ሁለቱም በዚያ ቀን በቅናተኛ ፍቅር ቤት ሎሌ ሆነው አድረዋልና። ከዚህም በላይ ኦሩአል ሊነጋ ሲል ከወንዝ ልትጠጣ ተንበርክካ ሳለች ቤተ መንግሥቱን ለቅጽበት አይታዋለች፤ ይህንም ለአንዳቸው አልነገረችም። ምስክሩን ደብቃ ዳኛ ጠየቀች።

በሰሎሞን ፊት ከቆሙት ሁለት ሴቶች እውነተኛዪቱ እናት ልጇ በሕይወት እንዲኖር ለሌላዪቱ ይሰጥ አለች። ኦሩአል ግን ጩቤ ይዛ ወጣች፤ የራሷን ክንድ ወጋች፤ ባልሽን በመብራት ካላየሽ አንቺንም ራሴንም እገድላለሁ ብላ አስማለቻት። ነገሩን የሚያከብደው ፕሲኬን ከሕፃንነቷ እንደ እናት ሆና ያሳደገቻት እርስዋ መሆኗ ነው፤ «ይቈረጥ» ያለችው እናቲቱ ናት።

ከዚያ በኋላ ነገሠች፤ ፊቷን ሸፍና ብዙ ዘመን በመልካም ገዛች። የግሎም ካህን ስለ ጣዖቲቱ ስለ ኡንጊት ሲናገር መውደድና መብላት አንድ ነው ይል ነበር። ባርዲያ በሞተ ጊዜ ሚስቱ አንሲት ባሏን በሥራ ብዛት እንደ በላችው ለንግሥቲቱ ፊት ለፊት ትነግራታለች፤ ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀው ስፍራ ይህ ነው። ቀበሮም ነጻ ከወጣ በኋላ ወደ አገሩ ያልተመለሰው ስለ እርስዋ ነበር። በኋለኛው ክፍል ራእይ በራእይ ላይ መደራረቡ ግን ደራሲው የቸኰለ ያስመስለዋል፤ አንሲት በጥቂት ቃል የፈጸመችውን ራእዮቹ በብዙ ይደግሙታል። ያም ሆኖ ቀበሮ በዚያ ተገልጦ፥ ትምህርቱ እንደ ውሃ የጠራ ሳለ መሥዋዕት ለምን እንደሚያስፈልግ አለማወቁን ሲናዘዝ፥ ደራሲው ሽማግሌውን አላዋረደውም።

ኦሩአል የጻፈችው አማልክትን ለመክሰስ ነውና ኢዮብን ታስታውሳለች። ለኢዮብ ግን እግዚአብሔር ቅን ነገር እንደ ተናገረ መሰከረለት፤ ኦሩአል ክሷን በሙታን ጉባኤ ስታነብ የገዛ ድምፅዋ ፕሲኬ የእኔ ናት ሲል ሰማች። ሌላ መልስ አላስፈለጋትም። መጽሐፉም ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቋረጣል፤ የንግሥቲቱ ራስ በጽሑፉ ላይ ወድቆ የመጨረሻዎቹ ቃላት እንደማይነበቡ ካህኑ አርኖም ጽፎበታል፥ ወደ ግሪክ የሚሄድ መንገደኛም ይዞት ይሂድ ይላል።