«ብዕር አንሣ» ከተባለ በኋላ፦ የአማተር ጽሑፍና የአንባቢው ዕዳ

ኪነ ጥበብ የጥቂት ባለሙያዎች ርስት ሆና መቅረት የለባትም የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ ተከራካሪ ያለው አይመስልም። ሠራተኛው ከማሽኑ፣ ገበሬው ከማሳው፣ ተማሪው ከትምህርት ገበታው ሳይለይ እንዲጽፍ፣ እንዲሥልና እንዲያዜም መጋበዝ ይገባዋል ይባላል፤ ልክም ነው። ነገር ግን አንድን ሰው «ውሎህን ጻፍልን፤ የጻፍኸውንም አንብብልን» ብሎ የሚጋብዝ ወገን በዚያው ቅጽበት ዕዳ ይገባል። ዕዳውም የተጻፈውን የማንበብ፣ ካነበቡ በኋላ እውነቱን የመናገር፣ ጽሑፉ የያዘው እውነት ቢመርም የመታገሥ ዕዳ ነው። ስለ አማተር ኪነት ብዙ ሲባል ስለዚህ ዕዳ ግን እምብዛም አይነገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ታሪካዊ ምሳሌ ይዞ ጉዳዩን መመርመር ነው።

ምሳሌው የተወሰደው ከቀድሞዋ የጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው፤ ስለ እርሷ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አፕሪል 24 ቀን 1959 በቢተርፌልድ ከተማ፣ በኤሌክትሮ ኬሚካል ኮምቢናቱ የባህል አዳራሽ፣ የአንድ አሳታሚ ድርጅት የደራስያን ጉባኤ ተካሄደ። በአዳራሹ ከታወቁት ደራስያን ጎን ለጎን ከየፋብሪካው የመጡ ጸሓፊ ሠራተኞች ተቀምጠዋል። የፓርቲው መሪ ቫልተር ኡልብሪኽትም ተገኝቶ ንግግር አድርጓል። ከጉባኤው ሁለት ጥሪዎች ወጡ። የመጀመሪያው ደራሲው ወደ ፋብሪካ ወርዶ የሠራተኛውን ሕይወት በቅርብ እንዲያውቅ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው «ብዕር አንሣ፣ ባልንጀራ» በሚል መፈክር የተገለጸው፣ ሠራተኛው ራሱ ሕይወቱን እንዲጽፍ የሚጋብዘው ጥሪ ነው። መፈክሩን ያዘጋጀው ቨርነር ብሮይኒግ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ብሮይኒግ በዩራኒየም ማዕድን ማውጫ በጉልበቱ ሠርቶ የኖረ፣ ኋላም ላይፕዚግ በሚገኘው የሥነ ጽሑፍ ተቋም የተማረ ሰው ነው። ስለዚህ ጥሪው በእርሱ አፍ ባዶ ቃል አልነበረም።

ጥሪው ፍሬ አላፈራም ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል። በየፋብሪካው የጸሓፊ ሠራተኞች ክበቦች ተቋቋሙ፤ «እጽፋለሁ» የሚል ስም ያለው መጽሔትም ለእነርሱ ይታተም ጀመር። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን የሥራ ቡድኖች በጋራ ይይዙት የነበረው የውሎ መዝገብ ነው። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር ከዚሁ ኮምቢናት አንድ የአልሙኒየም ሠራተኞች ቡድን ባስተላለፈው ጥሪ «በሶሻሊስታዊ መንገድ መሥራት፣ መማርና መኖር» የሚል ውድድር ተጀምሮ ነበር። በውድድሩ የገቡ ቡድኖች ሥራቸውንና ኑሯቸውን በመዝገብ ያሰፍሩ ጀመር። በመዝገቡ ላይ ፎቶግራፍ ይለጠፋል፣ የካርቱን ሥዕል ይሣላል፣ ለልደት የተጻፈ ግጥም ይሰፍራል፤ የቲያትር ጉብኝቱ፣ የጋራ ሽርሽሩ፣ የማሽኑ ብልሽት ሁሉ ይጻፋል። ይህ የአማተር ጽሑፍ በእጅጉ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት መልክ ነው፤ የሚጽፈውም የሚነበብለትም አንድ ማኅበር ነውና።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በምን ሚዛን እንመዝነው? በታላላቅ ልብ ወለዶች ሚዛን ብንመዝነው ይቀልላል። ዐረፍተ ነገሩ ይንገዳገዳል፤ ምሳሌው የተለመደ ነው፤ ትረካው መነሻና መድረሻ የለውም። ይሁን እንጂ የአማተር ጽሑፍ ልዩ ዋጋ ያለው በቋንቋው ውበት ላይ ሳይሆን በአንባቢው ማንነት ላይ ነው። የመዝገቡ አንባቢ ከጸሓፊው ጋር በአንድ ማሽን ላይ የሚቆም ባልንጀራ ነው። ማሽኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ በዋለበት ቀን «ሥራው ያለ እንከን ተከናወነ» ብሎ የሚጽፍ ቢኖር ባልንጀሮቹ ይስቁበታል። ከዚህ ሳቅ የበለጠ ጥብቅ አርታዒ አይገኝም። አማተሩ የሙያ ሥልጠና የጎደለው ቢሆንም እንኳ ሐሰት እንዳይጽፍ የሚጠብቀው ይህ ቅርብ ዐይን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው መዝገቡ ከባልንጀሮች እጅ ወጥቶ ለገምጋሚ ኮሚቴ ሲቀርብ ነው። የውሎ መዝገብ መያዝ ለማዕረግና ለሽልማት የሚያበቃ ማስረጃ በሆነ ጊዜ ጸሓፊው ከባልንጀራው ትከሻ በላይ አሻግሮ ገምጋሚውን ማየት ይጀምራል። ያን ጊዜ ቋንቋው ይለወጣል። ለምሳሌ ያህል፣ «የመለዋወጫ ዕቃው ዛሬም ስላልመጣ ካርታ ስንጫወት ዋልን» ሊባል የሚገባው ነገር «አንዳንድ ችግሮች ቢያጋጥሙም በጋራ ጥረት ተወግደዋል» ወደሚል ይዞራል። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰዎች አሉ፤ ቀን አለ፤ ቁጭትም አለ። በሁለተኛው ውስጥ ማንም የለም። ጽሑፉ ሪፖርት ሆኗል። ሪፖርት በቦታው አስፈላጊ ነው፤ ኪነት ነው ተብሎ ሲቀርብ ግን ኪነቱንም ሪፖርቱንም ያበላሻል። ብዙ የውሎ መዝገቦች ይህ ዕጣ ደርሶባቸዋል። ያም ሆኖ ገጾቻቸውን የገለጠ ሰው እዚህም እዚያም አንዲት ቀልድ፣ አንዲት ቅሬታ ከመፈክሩ ሥር ስታሾልቅ ያገኛል፤ ሕይወት በቀላሉ አትሸፈንምና።

ወደ ፋብሪካ የወረዱት ደራስያንም የዚሁ ጥያቄ ተካፋዮች ነበሩ። ብሪጊተ ራይማን በ1960 ወደ ሆየርስቬርዳ ከተማ ሄዳ ኑሮዋን እዚያው አደረገች። በአቅራቢያው በነበረው በሽቫርትሰ ፑምፐ የከሰል ኮምቢናት ከሠራተኞች ጋር እየሠራች፣ ከባሏ ከደራሲው ዚግፍሪድ ፒትሽማን ጋር የጸሓፊ ሠራተኞችን ክበብ መራች። በ1961 ባሳተመችው አጭር ልብ ወለድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ሦስት ወጣቶች በኮምቢናቱ ሲሠሩ ይታያሉ፤ «ወደ ዕለታዊ ኑሮ መድረስ» የሚል ትርጉም ያለው የመጽሐፉ ርእስም ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ዘመን መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ክሪስታ ቮልፍም በሃለ ከተማ በባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ውስጥ ከአንድ የሥራ ቡድን ጋር ያገኘችውን ልምድ በ1963 በታተመው «የተከፈለው ሰማይ» በተሰኘው ልብ ወለዷ ውስጥ አስገብታለች። በዚህ መጽሐፍ የፋብሪካው ሕይወት ጌጥ አይደለም፤ አገር በግንብ በተከፈለበት ዘመን የአንዲት ወጣት ፍቅር የሚፈተንበት መድረክ ነው። እነዚህ ሥራዎች የሚያሳዩን ባለሙያው ከአማተሩ የሚማረው ነገር እንዳለ ነው። የሚማረውም የእጅ ጥበብን ሳይሆን የቅርብ ዐይንን ነው።

ወደ ብሮይኒግ እንመለስ። «ብዕር አንሣ» ያለው ሰው ራሱ ብዕሩን አንሥቶ የሚያውቀውን ጻፈ። «የፌስታ ሜዳ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ሰፊ ልብ ወለዱ በዩራኒየሙ ማዕድን ዙሪያ የሚሽከረከር ሲሆን ከ1949 ጀምሮ እስከ ሰኔ 1953ቱ የሠራተኞች ዐመፅ ድረስ ያለውን ዘመን ይተርካል። በውስጡ ድካም፣ መጠጥ፣ ጠብና ተስፋ መቁረጥ አለ፤ ከዚያው ጋር በሥራ መኩራትና ባልንጀርነትም አለ። በ1965 መኸር ከልብ ወለዱ አንድ ክፍል በደራስያን ማኅበሩ መጽሔት ወጣ። ወዲያውኑም ሠራተኛውን አዋርዷል የሚል ክስ ተነሣ፤ በማዕድኑ ሠራተኞች ስም የተጻፈ የነቀፌታ ደብዳቤ በፓርቲው ጋዜጣ ታተመ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር በተካሄደው የማዕከላዊ ኮሚቴው 11ኛ ምልዓተ ጉባኤ ላይም ሥራው ክፉኛ ተወገዘ። በጉባኤው ቆማ ልትከላከልለት የደፈረችው ክሪስታ ቮልፍ ነበረች። ልብ ወለዱ ግን ሳይታተም ቀረ። ብሮይኒግ በ1969 «ተራ ሰዎች» የተባለ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ቢያወጣም ሌላ ልብ ወለድ ለማሳተም አልበቃም፤ በ1976 በ42 ዓመቱ ሞተ። «የፌስታ ሜዳ» መጽሐፍ ሆኖ ለአንባቢ የደረሰው በ2007 ነው፤ ደራሲው ከሞተ ከ31 ዓመት በኋላ፣ ሪፐብሊኩም ካከተመ ከ17 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ሒስ ሊሰጥ የሚገባው ለማን ነው? ልብ ወለዱ እንከን የለሽ ነው ማለታችን አይደለም። ሰፊ ነው፤ ትረካው በብዙ ባለታሪኮች መካከል ይከፋፈላል፤ ደራሲው ለማሳረም ዕድል ቢያገኝ ኖሮ ያሳጠረው ክፍል ይኖር ይሆናል። ይሁንና ያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ስለ ቅርጹ አልነበረም። «ይህ ታይቷልን? ተኖሯልን?» የሚልም አልነበረም። የተጠየቀው «ይህ ያስመሰግነናልን?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የሚያስቀድም ማኅበር ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል። ማሽኑ የቆመበትን ቀን የሚነግረው አንደበት ዝም ካለ ማሽኑ ለምን እንደቆመም አያውቅም። ጉዳቱ እንግዲህ የአንድ ደራሲ ብቻ አይደለም፤ ጋባዡም ራሱን ጎድቷል።

በሀገራችንም ተመሳሳይ ጥሪ የተሰማበት ጊዜ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በቀበሌው፣ በፋብሪካውና በገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ መድረካቸውን አገኙ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ፊደል ቆጥሮ የማያውቅ እጅግ ብዙ ሕዝብ ብዕር ጨበጠ። ሁለቱም በጎ ሥራዎች ነበሩ። ነገር ግን የኪነት ቡድኑ ድግስ ለማድመቅና እንግዳ ለመቀበል ሲፈለግ የሠፈሩን ውሎ ለሠፈሩ ሰው ለመናገር ምን ያህል ጊዜ ተሰጠው? ስሙን መጻፍ የቻለውስ ገበሬ ከስሙ ቀጥሎ ምን ጻፈ? ማንስ አነበበለት? የቢተርፌልድ ታሪክ እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ራሳችን እንድናዞር ያስገድደናል።

ከዚህ አንጻር የማኅበር መሪም ሆነ መምህር ዛሬ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና የግድግዳ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ መምህር የተማሪው ጽሑፍ ለእንግዶች ቀን ከመቅረቡ በፊት በክፍሉ ልጆች ፊት እንዲነበብ ያድርግ። «እንዲህ አልነበረም» የሚል ልጅ ከተነሣ አይቆጣው፤ ትልቁ የሒስ ትምህርት እርሱ ነውና። ጭብጨባ ብቻ የሚሰማ ጀማሪ አያድግም፤ ዘለፋ ብቻ የሚሰማም ይሸሻል። ሁለቱንም የሚያድነው ውሎውን የሚያውቅ ሰው በፍቅር የሚሰጠው እርማት ነው። የሠለጠነው ከያኒም በበኩሉ ወደ አማተሮች ክበብ ሲገባ ዳኛ ሆኖ ብቻ ሳይሆን አድማጭ ሆኖ ይግባ፤ የእጅ ጥበቡን ያስተምር፤ ስለ ውሎው ግን ከባለ ውሎው ይማር።

ጎረቤት በቡና ላይ ተሰብስቦ ሲጨዋወት ስለ ትናንቱ ውሎ የሚያወራ ሰው ቢያጋንን «እረ ተው!» የሚለው አይጠፋም። ተራኪውም ሥቆ ያርማል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። የአማተር ኪነት ጤና ያለው በዚህች «እረ ተው» ውስጥ ነው። ይህችን ቃል የሚፈራ ማኅበር ሰውን «ብዕር አንሣ» ብሎ ባይጋብዝ ይሻለዋል። ከጋበዘ ግን የተጻፈውን ያንብብ።