ስለ ይፋት ቤት የተጻፉትን ስንመረምር

የአገር ታሪክ በቤተ መንግሥትና በመቅደስ ብቻ ተጽፎ የሚገኝ አይደለም። ገበሬው ሠርቶ የገባበት፣ ልጆቹን ያሳደገበት፣ እህሉን ያኖረበት ቤትም የታሪክ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ይህን ምስክር ቀርቦ የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው። ለዚህም ነገር ይፋት ጥሩ አስረጅ ትሆነናለች።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲናም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወጥቶ ሐሩር ውስጥ ይገባል። አየሩ ሲለወጥ የቤቱ አሠራርም ይለወጣል። በቆላው ሜዳ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራው የሣር ክዳን ጎጆ ይታያል፤ በተረተሩ ላይ ግን አርጎቦች በድንጋይ የሠሩት ቤት አለ። ስለ እነዚህ ቤቶች ምንም አልተጻፈም ለማለት አይቻልም። በእኛ አስተያየት ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ይኸውም የጻፈው ሁሉ ቤቱን የተመለከተው ለሌላ ጉዳይ ሲል መሆኑ ነው።

አስቀድመን መንገደኞቹን እንመልከት። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ ከአንኮበር በታች ስላለችው የገበያ ከተማ ስለ አልዩ አምባ ጽፏል። ነገር ግን ዓይኑ ያረፈው በግመሉ፣ በነጋዴውና በሸቀጡ ላይ ነው። በዚያው ዓመት መጽሐፉን ያሳተመው ቻርልስ ጆንስተን በአልዩ አምባ ቤት ይዞ ስለ ተቀመጠ ከእርሱ ይሻላል። ቤትን በደጅ ከሚያልፍበት ሰው ይልቅ ያደረበት ሰው ያውቀዋልና። ሆኖም እርሱም ቢሆን የጻፈው የእንግድነቱን ኑሮ እንጂ የባለቤቱን አይደለም።

ከእነዚህ ቀጥሎ የመጡት የጥንት ፍርስራሽ መርማሪዎች ናቸው። ፎቬል፣ ሂርሽና ሸክሩን የተባሉት የፈረንሳይ ሊቃውንት ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የደከሙበትን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። በዚህም ሥራ ከ13ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በይፋት የገዙትን የወላስማዎችን ዋና ከተማና መቃብር ለይተው አሳይተዋል። ይህ ሥራ ከፍ ያለ ምስጋና የሚገባው ነው፤ የይፋት ሰው በድንጋይ የመሥራት ጥበብ ከሩቅ ዘመን የመጣ መሆኑን በማስረጃ አጽንቶልናልና። ዳሩ ግን ድንጋዩ ስለ ነገሥታቱ እንዲመሰክር ተጠየቀ እንጂ፣ በዚያው ተረተር ላይ ዛሬ የሚኖረው ሰው ግድግዳውን እንዴት እንደሚያቆም መጠየቅ የእነርሱ ተግባር አልነበረም።

የቋንቋ ሊቅ የሆነው ቮልፍ ሌስላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የአርጎብኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ቃል ያለ ዕቃው ባዶ ነው፤ ዕቃም ያለ ቃሉ ዲዳ ነው። በይፋት ያሉት አርጎቦች አብዛኞቹ አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነዋል። እንግዲህ የምሰሶው፣ የመቃኑና የመደቡ የቀድሞ ስም በሽማግሌዎች አፍ ላይ ሳለ ከቤቱ ጋራ ተያይዞ ካልተጻፈ፣ ነገ ቤቱ ቢቆም እንኳ ስሙ አይገኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የአራተኛው ጸሐፊ ነገር ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የምድር መናወጥ የማጀቴን ከተማ አፈረሰ። የመናወጡን ታሪክ የመዘገበው አባ ፒዬር ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳቱን ጽፎ አቆይቶልናል። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ሐሩርን ቢከላከልም በመናወጥ ጊዜ ይናዳል፤ በማገር የተያያዘው የእንጨት ቤት ግን ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋዩ ቶሎ አይወድቅም። ስለዚህ አንዱን የሥልጣኔ፣ ሌላውን የድህነት ምልክት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። የቤቱ ባሕርይ በመጽሐፍ ለመግባት የበቃው በወደቀበት ቀን መሆኑ ግን የሚያሳዝን ነው።

የውጭ ሰዎችን ይህን ያህል ከነቀፍን፣ የራሳችንን ወገን ዝም ብለን ልናልፍ አይገባንም። በከሚሴ አካባቢ ስላለችው የአርጎቦች መንደር ስለ ሾንኬ በየጊዜው ይጻፋል። የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ዘጠኝ መቶ ዓመት የኖረ» የሚል ምስጋና ነው። ዘጠኝ መቶ ዓመት የኖረው ምኑ ነው? መንደሩ ነውን? ግድግዳው ነውን? ወይስ ጣራውን የተሸከመው እንጨት? እንጨትና አፈር የለበሰ ጣራ በየጊዜው ይታደሳል፤ ግድግዳም ይጠገናል። ምናልባት ከሁሉ የሸመገለው ድንጋዩ ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው የእጅ ጥበብ ይሆናል። ይህን ሳይለዩ ዓመት መቁጠር ማወደስ ነው እንጂ መመርመር አይደለም።

ሊደረግ የሚቻለውን የሐረር ቤት ያሳየናል። በዚያ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦች ከነስማቸው፣ ማን በየትኛው እንደሚቀመጥ ጭምር ተጽፈዋል። ስለዚህ የሐረርን ቤት ያነበበ ሰው ግንቡን ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡን ሥርዓትም ያውቃል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባም ይህ የቤት አሠራር ከመታወቂያዎቹ አንዱ ነበር።

ለይፋትም የምንመኘው ይህንኑ ነው። ቤቱ ይለካ፤ ሥዕሉ ይነሣ፤ እንጨቱ ከየትኛው ደን እንደ መጣ፣ ጭቃውን ማን እንዳቦካ፣ ማሽላው የሚቀበርበት ጉድጓድ የት እንደ ተቆፈረ ይጻፍ። የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ የተለወጠበት ዓመትና ምክንያትም አይቅር፤ ሴቲቱ ጣራ ማደስ ስለ ሰለቻት ቆርቆሮ ብታለብስ ይህም ከቤቱ ታሪክ አንዱ ነውና ልንነቅፋት አይገባም።

ነገሩ የሚያስቸኩል ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ብዙ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ቤቱ የነደደበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መጠለያ እንጂ ጽሑፍ እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን መልሶ ለመሥራት በተነሣ ጊዜ የአባቱ ቤት ስንት ክንድ እንደ ነበረና በሩ ወዴት ይመለከት እንደ ነበር የሚነግረው መዝገብ ቢያገኝ፣ የጠፋው ሁሉ ጠፍቶ አይቀርበትም። የይፋትን ቤት የሚጽፍ ሰው እንግዲህ ፍርስራሹን አይጠብቅ፤ ባለቤቱ በደጁ ተቀምጦ ሳለ ይሂድና ይጠይቀው።